ወደ ቀኝ የሚጎትት ፒክአፕ

ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን ጠዋት አባቴ የጋራዡን ወለል ሰብሮ ሳይጨርስ ሞተ። ከግራው ግድግዳ ጀምሮ እስከ መሀል ያለው ሲሚንቶ ተፈንቅሎ በሩ አጠገብ ተከምሯል። ከመሀል ወዲህ ያለው እንደነበረ ነው። ዶማው ከሁለቱ መካከል ወድቆ ተገኘ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ተጽፏል።

ሊያስተዛዝኑን የመጡት ሰዎች ከሁሉ የገረማቸው ወለሉ ነበር። «እንዲያ የሚሳሳለትን ወለል? በጤናው ነው?» እያሉ ይንሾካሾካሉ። «አማቹ አናዶት ነው» ያለም አለ። ይህ ሐሰት ነው። እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ሐሰት አንድ ጊዜ ፋይል ውስጥ ከገባ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሰኔ 2 እስከ ሰኔ 13 የሆነውን በየቀኑ አስቀምጣለሁ። ያላየሁትን ማን እንደነገረኝ እጽፋለሁ።

አባቴ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሥራው የመኪና ጎማ ማስተካከል ነው፤ ሰው ሁሉ አላይመንት የሚለው። ጋራዡ አንድ መኪና ብቻ ያስገባል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ግቢውን ከአንድ ጎሚስታ ጋር ይጋራል። ጎሚስታው እኩያው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ ኖረው አንድም ቀን አልተጣሉም።

የጋራዡን ወለል ያፈሰሰው አባቴ ራሱ ነው፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት። ውሃ በሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አራቱን ጥግ እያስተያየ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ያኔ ጎሚስታው «ሰውዬ፣ መኪና ልታቆምበት ነው ወይስ ዓሣ ልታረባበት?» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ውሃ ልክ ሆኖ ቀረ። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ሌላ ስም እንዳለው አያውቁም።

ተጠራጣሪ ነበር። በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ ይገፋዋል። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ቀን ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ ዘረጋው፤ ማኅተሙን ከፊትም ከጀርባም አየው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሳመኝ። ሥራውም ላይ እንደዚያው ነው። ጎማ የሚያስተካክለው ሹፌሩ እንደተቀመጠ ያህል ወንበሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጭኖ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሹፌሩን ኪሎው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሰውየው ይነግረዋል፤ እሱ አያምንም፤ ጥግ ላይ ያለችው የኪሎ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። የተናገረውንም እውነተኛውንም በካርድ ይጽፋል። ካርዶቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤታችን ሊጥላቸው ከነበሩት።

ታናሽ እህቴ ያገባችው የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ተካይ ነው። ባለፈው ግንቦት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ ቋሚ ሥራ አገኘ። እህቴና የዓመት ከሁለት ወር ሴት ልጃቸው አብረውት ሊሄዱ ረቡዕ ሰኔ 15 ተቆረጠ። መንገዱ ተራራ ነው፤ ወርዶ ወጥቶ እንደገና ይወርዳል፤ ከከተማው በኋላ ያለው ደግሞ ኮረት ነው። ለዚህ ብሎ ያገለገለ ነጭ ፒክአፕ ገዛ፤ ሆዱ ድንጋይ እንዳይመታ አራት ጣት ያህል ከፍ አስደረገው። ከፊት ሞላውን፣ ከኋላ ባሌስትራውን፣ አራቱንም አሞርዛተር አስቀየረ። መኪና ከፍ ሲል የፊት ጎማዎች አቋቋማቸው ይዛባል፤ ካልተስተካከሉ ጎማ ይበላል፣ መሪ ይጎትታል። የሚያስተካክለው ደግሞ አባቴ ነው፤ አማት ያለው ሰው ሌላ ጋ አይሄድም።

ሐሙስ ሰኔ 2 ይዞት መጣ። እኔም የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ እዚያ ነበርኩ።

«ስንት ኪሎ ነህ?» አለው አባቴ።

«ሰባ ሁለት፣ አባባ።»

«ውጣ።»

ወጣ። ሰባ ስምንት።

«ኧረ እኔ አላወቅሁም! የልጅዎ ወጥ ነው!» ብሎ ሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። ካርዱ ላይ ሁለቱንም ጻፈ። የእህቴ ባል ሲወጣ ጎሚስታውን፦ «ስድስት ኪሎ የደበቀ ሌላ ስንት ነገር አይደብቅም!» አለው። ጎሚስታው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ቀልድ መስሎን ነበር።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጎማዎቹ አፍንጫ ወዴት እንደሚያይ ነው፤ ሰው ሲራመድ እግሩን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚጥለው ማለት ነው። ይህን አባቴ በመኪናው ሁለት ጎን ክር ወጥሮ ይለካል። ሁለተኛው ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው፤ ግንበኛ ግድግዳ እንደሚያይበት ቱንቢ አንጠልጥሎ፣ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ያያል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ይበቃዋል። ከፍ የተደረገ መኪና ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ራሱ ነድቶ ካላየው አይለቅም ነበር፤ በዚህ ሁለት ዓመት ግን ዓይኑ ስለደከመ መንዳቱን ለሹፌሮቹ ትቶታል።

ቅዳሜ ሰኔ 4 የእህቴ ባል ተመልሶ መጣ።

«አባባ፣ መሪውን ስለቅ ወደ ቀኝ ይሄዳል።»

«መሪ ለምን ትለቃለህ?»

«ለማየት።»

«መንገዱ ነው። ወደ ዳር ያዘነበለ መንገድ ላይ ነው የነዳኸው።»

«ሜዳ ላይ ነው የነዳሁት።»

አባቴ እንደገና ክሩን ወጠረ፣ ቱንቢውን አንጠለጠለ። አንዲት ክር አልተዛነፈም። ለእርግጠኝነት ብሎ ቡሎኖቹን ፈትቶ እንደገና አሰረ። ሰኞ ሰኔ 6 መኪናው ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ አሁንም ወደ ቀኝ። በዚህ ጊዜ የግራው የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል፣ የቀኙ ከውጭ በኩል መበላት ጀምረው ነበር፤ አዲስ ጎማዎች ናቸው።

አባቴ ቱንቢውን አየ፤ አሁንም ትክክል ነው። ከዚያ ነጭ ቀለም አምጥቶ በእያንዳንዱ ቡሎን ላይ ከራሱ እስከ ብረቱ ቀጭን መስመር አሰመረ። አንድ ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል።

«ማን ሊነካው ነው፣ አባባ?» አለ የእህቴ ባል።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው።»

ከዚያ መኪናው ሥር ገባ። ሻሲውን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ፤ አንዱን ካንዱ። እኩል ነው። «በጥሩ እጅ የተቃና ሻሲ እኩል ነው የሚመጣው» አለ ከሥር። ወጥቶ የበሩን ጠርዝ ላስቲክ በጥፍሩ ፈለቀቀና የብረቱን ጠርዝ በምስማር ጫረው። ከነጩ ቀለም ሥር ቀይ ወጣ።

ግቢው ውስጥ ጎሚስታው፣ ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሁለት ሹፌሮች፣ ምሳ ያመጣችለት እህቴ ከነልጇ፣ እኔም አለሁ።

«ይህ መኪና ተጋጭቷል» አለ አባቴ ድምፁን ሳይቀንስ። «ተጋጭቶ፣ ተቃንቶ፣ ቀለም ተለውጦለት ነው የተሸጠልህ። አንተም ታውቃለህ። አውቀህ ነው ልጄን ልትጭንበት የመጣኸው።»

«እግዚኦ! አባባ፣ ምኑን ነው የማውቀው?»

«ቀይ እንደነበረ ታውቅ ነበር አታውቅም?»

የእህቴ ባል አንድ አፍታ ዘገየ። «አውቃለሁ። የነዳጅ ድርጅት መኪና ነበር፤ መኪኖቻቸው ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ሲሸጡ ነጭ ቀቧቸው።»

«አንቺስ ሚጣዬ፣ ነግሮሻል?»

እህቴ ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «አልነገረኝም» አለች።

«ይኸው!» አለ አባቴ።

የእህቴ ባል ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በእግሩ ሄደ። ጎሚስታው «ውሃ ልክ፣ አንተ እኮ የጎማ እንጂ የሰው አላይመንት አትሠራም» አለው። ሹፌሮቹ ወሬውን ይዘው ወጡ፤ ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከመኪናው ወጥቶ ቤት ገባ። ማክሰኞ እህቴ ልጇንና አንድ ሻንጣ ይዛ አባቴ ቤት መጣች። ለጥቂት ቀን ነው አለች። ባሏን እንደጠየቀችው ነገረችኝ፤ መኪናው ተጋጭቶ እንደሆነ፣ ሌላም ያልነገራት ነገር እንዳለ። እሱም «አባትሽ እንድትሄጂ አይፈልግም። እጁ የሚስተው ሆን ብሎ ነው» ብሏታል።

«እውነት ይመስልሻል?» አለችኝ።

እናታችን ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ የምኖረው ሌላ ሰፈር ነው፤ አባቴ በየማታው እራት የሚበላው እህቴ ጋ ነበር። ሕፃኗ የመጀመሪያ እርምጃዋን የሄደችው እሱ ጉልበት ሥር ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሲባል በሰማ ጊዜ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሩቅ ነው።» ከዚያ በኋላ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ መሄዳቸው ተናግሮ አያውቅም። አባቴ ሥራ አበላሽቶ አያውቅም። ግን ሰው ሥራውን አበላሽቶ የማያውቀው እስከሚያበላሽበት ቀን ድረስ ነው።

እህቴ ግን አንድ ነገር መወሰን ነበረባት፤ ረቡዕ ሰኔ 15 በዚያ መኪና ትሳፈራለች ወይስ አትሳፈርም። «አባቴ ልክ ከሆነ ባሌ ውሸታም ነው፤ ባሌ ልክ ከሆነ አባቴ ውሸታም ነው። ከሁለቱ አንዱን ይዤ እንዴት እኖራለሁ?» አለችኝ። ሕፃኗን እያጠበች ነበር፤ ሳሙናው ዓይኗ እንዳይገባ በእጇ ግንባሯን ጋርዳላት።

ሐሙስ ሰኔ 9 መኪና የሚመዘገብበት ቢሮ ሄጄ የፒክአፑን ማኅደር አወጣሁ። እዚያ የምትሠራው ጓደኛዬ ናት፤ ያም ሆኖ ማመልከቻ ጽፌ ነው። የእህቴ ባል እንዳለው ነው፤ የነዳጅ ኩባንያ፣ ቀለም ቀይ፣ በሽያጭ ጊዜ ወደ ነጭ የተለወጠ። የግጭት ሪፖርት የለም። ቅጂውን ለአባቴ አሳየሁት።

«ወረቀት ምን ያውቃል?» አለ። «ወረቀት ተጋጭቶ ያውቃል?»

«አባዬ፣ ማኅተም አለው።»

«አየሁት» አለ። እውነትም ከጀርባው አይቶት ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ ካርዶቹን ከመሳቢያው አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አልደብቅም፤ ልይዘው ነበር። ሆን ብሎ አጥፍቶ እንደሆነ ካርዱ ይናገራል ብዬ ነው፤ ምክንያቱም አባቴ ለሰው እንጂ ለካርድ ዋሽቶ አያውቅም። የፒክአፑ ካርድ ንጹሕ ነበር። ሦስቱም ጊዜ የሠራው ሥራ አንድ ዓይነት፣ ልኩም አንድ ዓይነት ነው። ልመልሰው ስል ከሱ በፊት የነበሩትን አየሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ከፍ ተደርገው የመጡ ሌሎች አራት መኪኖች ነበሩ። አራቱም ተመልሰው መጥተዋል። ከእያንዳንዱ ሥር አባቴ በእርሳስ አስተያየት ጽፏል። አንደኛው፦ «ወደ ቀኝ ይጎትታል ይላል። ሹፌሩ መሪ በአንድ እጅ ነው የሚይዘው።» ሁለተኛው፦ «ወደ ቀኝ። መንገዱ ነው።» ሦስተኛው፦ «ወደ ቀኝ። የተገዛው ሞላ የውሸት ነው።» አራተኛው ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ «ውሸታም።» ከሥሩ ግን በትንሹ፣ እንዳልተጻፈ ያህል፣ «ወደ ቀኝ» ይላል።

አባቴ ሲመለስ አምስቱን ካርድ በተርታ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅሁት። ቆሞ አነበባቸው።

«አንቺም?» አለኝ።

«አባዬ፣ አምስት ሰው የማይተዋወቅ ሆኖ ወደ አንድ ጎን አይዋሽም።»

ካርዶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ወጣ፤ ተከትዬ ወስጄ ሰጠሁት። እራት አልበላም። እህቴ «ምን አልሽው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። «እንግዲህ እሱ ነው ማለት ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። እንደዚያ ማለቴ አልነበረም፤ ሌላ ምን ማለቴ እንደነበረ ግን ራሴም አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የሆነውን የነገረኝ ጎሚስታው ነው። አባቴ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ያን የድሮ ቱቦ ከምስማሩ አውርዶ ያጥብ ነበር። አሮጌው ቱቦ ቢጫ ሆኖ ውሃው አልታይ ስላለው አዲስ ገዝቶ ተመለሰና በውሃ ሞላው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትተክል ነው?» አለው ጎሚስታው።

«ያዝ። ዝም ብለህ ጫፉን ያዝ።»

ጎሚስታው በቀኙ ግድግዳ፣ አባቴ በግራው ቆሙ። ውሃው እስኪረጋ ጠበቁ። አባቴ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ከምልክቱ እስከ ወለሉ በሁለቱም በኩል ለካ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ ይሆናል ብሎ ውሃውን ደፍቶ እንደገና ሞላው። ለካ። ሦስተኛም ለካ፤ ከዚያ ጎሚስታውን ወደ ግራ አምጥቶ እሱ ወደ ቀኝ ሄደ።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው?»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ ወለሉን ያሰመጠው የእኔ እጅ ነው?»

አራተኛውም አንድ ሆነ። የግራው ጎማ የሚቆምበት ቦታ ከቀኙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ጎሚስታው እንደነገረኝ አባቴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ቱቦው እግሩ ላይ ውሃውን አፈሰሰ፤ አላነሳውም።

ምክንያቱ ከግድግዳው ጀርባ ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት የተከፈተ የመኪና እጥበት አለ፤ ውሃው በአጥሩ ሥር ይሰርጋል። ወለሉ ሳይሰነጠቅ እንደ ትሪ አዘንብሏል፤ ሰው ሲቆምበት አያስታውቅም። መኪና ሲቆምበት ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። ቱንቢ ደግሞ የሚያውቀው ምድርን ነው፤ መኪናውን አያውቅም። አባቴ ያዘነበለ መኪና ላይ ያሉትን ጎማዎች በቱንቢ ቀጥ ሲያደርጋቸው፣ መኪናው ወጥቶ ሜዳ ላይ ሲቆም ሁለቱም ጎማዎች ወደ ቀኝ ተደፉ ማለት ነው። መኪናውም ወደዚያው ሄደ። ክር ብቻ ለሚበቃቸው መኪኖች የወለሉ ማዘንበል ምንም አያመጣም፤ ለዚህ ነው ሌላው ደንበኛ ሁሉ ያልተነካው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሹፌሩን፣ መንገዱን፣ ሞላውን፣ ሻሲውን፣ ማኅተሙን የጠረጠረ ሰው አንድም ቀን ወለሉን አልጠረጠረም። የራሱ ሥራ ነበርና።

አራት ሰዓት ላይ የእህቴን ባል በስልክ ጠራው። እኔ በዚያን ጊዜ ደርሼ ነበር።

«ና፤ መኪናውን እንውሰደው፤ አንተ ንዳ።»

«አባባ፣ አራተኛ ጊዜ?» የሚለው ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል።

«እኔ ጋ አይደለም። እህል መጋዘኑ፣ የጭነት ሚዛኑ ላይ።»

የጭነት ሚዛን ወለሉ ልክ ካልሆነ ሚዛኑ አይሠራም፤ በየስድስት ወሩ ይመረመራል። አባቴ ግን እሱንም በቱቦው ለክቶ ነው መኪናውን ያወጣው። የመጋዘኑ ዘበኛ «አባቴ፣ ይሄ የመንግሥት ምርመራ ያለፈ ነው እኮ» ቢለው «የእኔን ምርመራ ነው ያላለፈው» አለው። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። የእህቴ ባል ነዳው፤ እኛ ቆመን አየነው። ከመጋዘኑ በር እስከ አደባባዩ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱን እጁን በመስኮት አውጥቶ ሄደ፤ ፒክአፑ አልተነቃነቀም።

ሲመለስ ወርዶ «ምን ነበር?» አለ።

«ነገ ምሳ ላይ እነግርሃለሁ» አለው አባቴ።

ከቀትር በኋላ አባቴ የአራቱን መኪኖች ባለቤቶች ስልክ ፈልጊልኝ አለኝ። ደወለላቸው። ሁለቱ እንመጣለን አሉ። አንዱ ሰድቦ ዘጋበት። «ውሸታም» ብሎ የጻፈበት ሰው ደግሞ «እኔማ ተስፋ ቆርጬ ሸጥኩት» አለው። አባቴ «ለማን?» አለ። ሰውየው አላስታውስም አለ። አባቴ ካርዱን ለብቻው አስቀመጠው።

እሑድ ሰኔ 12 ለምሳ ጎሚስታውንም ቤቱ ጠራው። የእህቴ ባል በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱን አላወለቀም። እህቴ ሳህን እያመላለሰች ዓይኑን አላየችውም። ምግቡ ሳይነካ አባቴ ተነሥቶ ቆመ።

«ሰኞ ዕለት ግቢው ውስጥ ሰው ፊት ውሸታም አልኩህ» አለው። «እናንተ ፊት ስላልኩ እናንተ ፊት ነው የምለው። መኪናህ ምንም የለበትም። አልተጋጨም። ጠማማው የእኔ ወለል ነው። ሁለት ሳንቲም ከሦስት ሚሊ። ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ።»

«አራት ጊዜ ነው፤ እጄን ስትጠረጥር የለካኸውን ረሳኸው» አለ ጎሚስታው።

«አራት ጊዜ። ሁለት ጎማ በእኔ ምክንያት ተበልቷል፤ እተካለሁ። ይቅር በለኝ።»

የእህቴ ባል ተነሥቶ ትከሻውን ሳመው። «እርስዎ ቢጠረጥሩኝ ግድ የለም፣ አባባ። አማት ነዎት፤ ሥራዎ ነው። እሷ ግን ጠየቀችኝ።»

እህቴ ጭልፋውን ይዛ ቆመች።

«እሷን ተዋት» አለ አባቴ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና ስድስት ዓመቷ ሆና ወተት ስልካት አሽትተሽ አምጪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ዛሬም አሸታለሁ» አለች እህቴ። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን አልሳቀችም። ባሏን «ቀይ እንደነበረ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ቀለም ነው እኮ! ቀለም ምን ይነገራል?»

«ለዚህ ቤት ሰው ይነገራል» አለ ጎሚስታው። «እዚህ ቤት ጨው እንኳ ማንነቱ ይጣራል።»

በዚህ ሳቁ። እህቴ ግን የዚያን ዕለትም አባቴ ቤት ነው ያደረችው። ሻንጣዋን አላነሳችም፤ ባሏም ነይ አላላትም።

ሰኞ ሰኔ 13 ጠዋት አባቴ ወለሉን መስበር ጀመረ። ጎሚስታው «በላዩ ሲሚንቶ ጨምረህ እኩል አታደርገውም?» ቢለው «በላዩ ብጨምር ከሥሩ ያለውን በምን አውቃለሁ?» አለው። እስከ ስድስት ሰዓት ከግራው ግድግዳ እስከ መሀል ደረሰ።

ከቀትር በኋላ ያለውን የነገረችኝ እህቴ ናት። በእሑዱ ምሳ ቡታጋዙ አልቆ ነበር። አባቴ ሲሊንደሩን ደጃፍ አውጥቶ የእህቴን ባል ጠራው፤ ጋሪ ሊጠራ ይችል ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ፒክአፑ መጣ። አባቴ ሲሊንደሩን ከኋላ ጭኖ እንዳይንከባለል በገመድ አሰረው፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበው፤ ከሹፌሩ ጎን ገባ። እህቴ ከመስኮት ታያቸው ነበር። ሕፃኗን አንሥታ ወጣች፤ ማንም ሳይጠራት የኋላውን በር ከፍታ ተቀመጠች። ባሏ በመስታወቱ አያት።

«ወዴት ነሽ?» አላት።

«ጋዝ ላስሞላ» አለችው።

በመንገድ ብዙም አልተነጋገሩም። ቀጥታው መንገድ ላይ ሲደርሱ ባሏ መሪውን ለቀቀ። አባቴ መንገዱን አላየም አለች፤ ወደ ኋላ ዞሮ ለሕፃኗ ጣቱን ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ይዛ ታወዛውዘዋለች። «ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው። «አሥራ ሁለት» አላት። «ተራራው ላይ ቀስ በል» አለች። እሱም እሺ አለ።

የጋዝ ደረሰኙ የተቆረጠው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ እኔ ጋ አለ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ተመለሱ። የእህቴ ባል ሲሊንደሩን ሊሸከም ቢል አባቴ አልሰጥም ብሎ ራሱ ወጥ ቤት አስገባው፤ ከምድጃው ቱቦ ጋር አያያዘው። ከዚያ በሲኒ ሳሙና በጥብጦ በጣቱ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ቀባና አጎንብሶ አየ። አንድም አረፋ አልተነሣም። እጁን በጨርቅ ጠረገና ወጣ።